በውስጥ እግር ላይ ስለሚታየው ጥቍር ምልክት



በአገራችን እግር ማጠብ የቈየ ልማድ ነው። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ፥ አባት ከሥራ ሲመለስ፥ ልጅ ውሃ አሙቆ በሳፋ ያቀርባል፤ እግር አጥቦ ጕልበት ስሞ ይመረቃል። በጸሎተ ሐሙስም ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። በዚህ ወር የምናወጋችሁ ነገር ከዚሁ ልማድ የተነሣ ነው።

በጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ዐልፏል። ከሦስት ዓመት በፊት ለትንሣኤ በዓል ቤተ ዘመዱ በተሰበሰበበት ማታ የልጃቸው ልጅ እግራቸውን ልታጥብ ተቀመጠች። ግራ ተረከዛቸውን ወደ መብራቱ ብታዞረው ከሽምብራ ፍሬ የሚበልጥ ጥቍር ነገር አየች፤ ዳር ዳሩ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተበታትኗል፤ መካከሉ ቈስሎ ይረጥባል። «እምዬ፥ ይህ ምንድን ነው?» ብትላቸው፥ «ተዪው ልጄ፥ ድንጋይ የመታኝ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል» አሏት።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ ኪንታሮት ነው ብሎ በምላጭ ፍቆላቸው ነበር። ስሙን በማናነሣው አንድ የሕክምና ቤትም ሦስት ወር ሙሉ ቅባት ሲሰጣቸው ቈይቷል። ልጅቱ ግን እሺ ብላ ዝም አላለችም። በዓሉ እንዳለፈ አያቷን ይዛ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄደች። ከተረከዛቸው ጥቂት ሥጋ ተወስዶ ሲመረመር፥ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የቤቱ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም ነበር። እኛም ምን እንደ ሆነ ስንጠየቅ የምንመልሰው አጣን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ከዚያ ወዲህ ጠይቀንና አንብበን ከተረዳን በኋላ ነው።

ሜላኖማ የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የወጣ ነው፤ «ሜላስ» ማለት ጥቍር ማለት ነውና። በቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። አንዱን ጠይም፥ አንዱን ቀይ፥ አንዱን ጥቍር የሚያሰኘው የእነዚህ ሕዋሳት ሥራ ነው። ብዙዎቻችን በገላችን ላይ ያለውና «ማርያም የሳመችው» እያልን የምንጠራው ጥቍር ነጥብም ከእነዚሁ ሕዋሳት ክምችት የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውም ምንም ጕዳት የለውም። ነገር ግን ከሕዋሳቱ አንዱ ሥርዓቱን ስቶ ያለ ልክ መራባት ሲጀምር፥ በመጀመሪያ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ቀጥሎ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በኋላም በደም ሥርና በንፍፊት መንገድ ወደ ሳንባ፥ ወደ ጕበትና ወደ አንጎል ይሄዳል። ከቆዳ ካንሰሮች ሁሉ እጅግ አስፈሪ ያደረገው ይህ ፈጥኖ የመዛመት ጠባዩ ነው።

ስለዚህ በሽታ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የፀሐይ ትኵሳት ነው። በእውነትም ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ዋናው ምክንያት የፀሐይ ጨረር ነው። ፀሐዩ በሚበረታበት በአውስትራሊያ የሚኖሩ የአውሮፓ ተወላጆች በዚህ በሽታ በመጠቃት ከዓለም ሕዝብ በቀዳሚነት ከሚቈጠሩት ናቸው። ከዚህም የተነሣ «ጥቍር ሰው ይህ በሽታ አይነካውም» የሚል አሳብ በሕዝብ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ የጤና ባለሞያዎችም ዘንድ ገብቷል። አሳቡ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነትም አንዳንድ ጊዜ ከሐሰት ይልቅ ይጎዳል። እርግጥ ነው፥ ጥቍር ቆዳ ያለው ሰው በሜላኖማ የሚያዘው ከነጩ እጅግ ባነሰ ቍጥር ነው። ነገር ግን ሲያዝ ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚወጣው ፀሐይ በማያየው ቦታ፥ ማለት በውስጥ እግር፥ በተረከዝ፥ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ማንም በማያየው ቦታ ስለሚወጣም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሞትን የሚያበዛውም ይህ መዘግየት ነው። ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል፤ በዚያ ያለው ማስጠንቀቂያ በብዛት የሚናገረው ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት እንጂ ስለ ተረከዝ አይደለምና።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሰው አለ። እርሱም የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ ነው። በ1969 ዓ.ም. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቍስል ታየ። ኳስ ሲጫወት የተጎዳው መስሎት ነበር፤ እስከ ዛሬም «ካንሰሩ የመጣው ከኳስ ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ጕዳቱ ቀድሞ የነበረውን በሽታ እንዲታይ ያደረገ እንደ ሆነ ነው የሚታመነው። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ መከሩት፤ እርሱ ግን አልተስማማም። ስለዚህ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ወጥቶ ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በመስከረም 1973 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ሲሮጥ ወደቀ፤ ሲመረመር በሽታው ወደ አንጎሉ ደርሶ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 25 ቀን በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ በማያሚ ከተማ ዐረፈ። በጃማይካ በተደረገውም የቀብር ሥነ ሥርዓት የቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት ተደርሷል። ጣቱ በጊዜው ተቈርጦ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር ብለን በእርግጠኝነት ልንናገር አንደፍርም። ነገር ግን ከአንድ ጣትና ከአንድ ሕይወት የቱ እንደሚበልጥ አንባቢ ያመዛዝን።

እንግዲህ ምልክቱ ምንድን ነው? አንደኛ፥ በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ አዲስ የወጣ፥ ወይም የቈየ ሆኖ የሚሰፋ ጥቍር ወይም ቡናማ ነጥብ። ሁለተኛ፥ ግማሹ ከግማሹ የማይመሳሰል፥ ጠርዙ የተዛባ፥ ቀለሙም አንድ ዐይነት ያልሆነ ምልክት። ሦስተኛ፥ በተረከዝ ወይም በጣት መካከል ወጥቶ የማይድን፥ የሚደማ ወይም የሚረጥብ ቍስል፤ አንዳንዱ ሜላኖማ ቀለም የሌለው ቀይ ሥጋ መስሎ ስለሚወጣ፥ ጥቍር አይደለም ብሎ መዘናጋት አይገባም። አራተኛ፥ በጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥቍር መሥመር። ስለ ጥፍሩ ግን አንባቢ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር እንጨምር። ጥቍር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በብዙ ጥፍሮች ላይ እንዲህ ያለ ቀጭን መሥመር መታየቱ የተለመደና ጤናማ ነው። የሚያሠጋው መሥመሩ በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ፥ ይልቁንም በአውራ ጣት ላይ፥ በጕልምስና ዕድሜ አዲስ ሲወጣ፥ እየሰፋ ሲሄድ፥ ወይም ቀለሙ ከጥፍሩ ዐልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ ሲፈስ ነው። ተመትቶ የጠቈረ ጥፍር ከሆነ ጥቍረቱ ጥፍሩ ሲያድግ ዐብሮት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሳምንታት ዐልፈው ከቦታው ካልተነቃነቀ ግን መታየት አለበት።

ይህን ያየ ሰው ምን ያድርግ? አስቀድሞ የማይደረገውን እንናገር። በምላጭ አይፋቅ፤ በእሳት አይተኰስ፤ በክር አይታሰር፤ ቅጠል አይለጠፍበት። እንዲህ የሚደረግ ነገር ላዩን ያጠፋል እንጂ ሥሩን አያወጣም፤ ሐኪሙ የሚያየውንም ምልክት ይሰውራል። በሌላ በኩል «ካንሰር በብረት ከተነካ ይዛመታል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው በጊዜው እንዳይመረመር አድርጓል። ሐኪም ለምርመራ ከቍስሉ ናሙና መውሰዱ በሽታውን አያዛምተውም፤ ያለዚያ ምርመራ በሽታውን በእርግጥ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ቅባት ተሰጥቶት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ የውስጥ እግር ቍስል ያለው ሰው፥ «ናሙና ተወስዶ ይመርመርልኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅ መብቱ ነው።

በምርመራው ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው የበሽታው ጥልቀት ነው። ይህን በሚሊሜትር የመለካት ዘዴ ያገኘው አሜሪካዊው ሐኪም አሌክሳንደር ብሬስሎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ነው። ጥልቀቱ ከ1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ከሆነ፥ በዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጤናማ ቆዳ ጨምሮ ቈርጦ በማውጣት አብዛኞቹ ሕመምተኞች ይድናሉ። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን የሚቈረጠው ጤናማ ቆዳ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በብሽሽት ያለው ንፍፊትም ይመረመራል። አንባቢ ሆይ፥ አስተውል፤ የሽምብራን ግማሽ እንኳ በማያህል ጥልቀት ውስጥ የሰው ዕድሜ ይለካል። የመዘግየትን ዋጋ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

በሽታው ተዛምቶ የተገኘበት ሰው ቀድሞ ተስፋው እጅግ የጠበበ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሰውነትን የራሱን መከላከያ ኀይል ቀስቅሰው ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርጉ መድኀኒቶች በሥራ ላይ ውለዋል። ለዚህ ጥበብ መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2011 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በአገራችን የጊኒ ዎርምንና የትራኮማን በሽታ ለማጥፋት በማእከላቸው በኩል የደከሙት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፥ ሜላኖማ በጕበታቸውና በአንጎላቸው እንደ ተገኘባቸው በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ሲያስታውቁ ዕድሜያቸው 90 ነበር። በቀዶ ሕክምና፥ በጨረርና ፔምብሮሊዙማብ በሚባለው አዲስ መድኀኒት ታከሙ። ኅዳር 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናቸው የሰንበት ትምህርት ሲያስተምሩ የካንሰሩ ምልክት ከአንጎላቸው መጥፋቱን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረው ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በ100 ዓመታቸው ዐረፉ። ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አይገባንም። ይህ መድኀኒት ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ በአገራችንም እንደ ልብ አይገኝም። በውስጥ እግር የሚወጣው ሜላኖማም ከፀሐይ እንደሚመጣው ያህል አይበገርለትም። ለእኛ ዋናው መድኀኒት ፈጥኖ አይቶ ፈጥኖ ማስቈረጥ ነው።

የት ይኬዳል ለሚለውም፥ መንገዱ በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ተጀምሮ የመሸጋገሪያ ወረቀት ተይዞ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ነው። በአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ያለው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለቆዳ በሽታ ሁሉ የታወቀ ነው። የጥቍር አንበሳ ሆስፒታልም ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛ ቦታ የነበረ፥ ዛሬም ብዙ የካንሰር ሕመምተኛ የሚያስተናግድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። የምርመራው ውጤት እንደ ታወቀ ልጆቻቸው ተሰብስበው «ለእናታችን እንዳይነገራቸው» ብለው ቈረጡ። ይህን ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ እንጂ ከክፋት አይደለም። በአገራችን መርዶ እንኳ የሚነገረው በዘዴ ነውና። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቱ የሹክሹክታ ቤት ሆነ። እናቲቱ ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል፤ ሴቶች ልጆቻቸው ወደ ጓዳ ገብተው ዐይናቸውን ይጠርጋሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ማዕድ ላይ ሳሉ፥ «ሞቴን ከእኔ በቀር አገሩ ሁሉ ሰምቶታል ማለት ነው?» አሉ። የሚመልስ ጠፋ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው በተገኙበት ታላቁ ልጅ ሁሉንም ነገራቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ታዲያ መቼ ነው የሚቈረጠው?» ብለው ጠየቁ። የፈሩት ልጆቹ ነበሩ እንጂ እርሳቸው አልነበሩም።

ከዚህ የምንማረው ሕመምተኛን መርዳት ከእውነት እንደሚጀምር ነው። እውነት ማለት ግን በአንድ ጊዜ ሁሉን ማፍሰስ ማለት አይደለም። ሕመምተኛው የጠየቀውን ያህል፥ ሊሸከም በሚችለው መጠን፥ የሚያምነው ሰው ይንገረው። እውነቱን ያላወቀ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ አይማከርም፤ ኑዛዜውንና ንስሐውንም በጊዜው አያደርግም።

ሁለተኛው ርዳታ አለመሸሽ ነው። ሜላኖማ በመንካት፥ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፥ በአንድ ገበታ በመብላት ወይም ቍስል በማጠብ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ዕቃ መለየትና በሩቅ ሆኖ መጠየቅ በሽታውን አይከላከልም፤ ሕመምተኛውን ብቻ ያቈስለዋል። ሦስተኛው የሥራ ርዳታ ነው። እድራችን ለቀብር የሚያወጣውን ገንዘብ ለሕክምና መሳፈሪያና ለመድኀኒት ከፍሎ ቢያወጣ፥ ማኅበርተኞችም ተራ ገብተው ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል ቢያደርሱ፥ ሙሾ ከማውረድ ይሻላል። ሕመምተኛን የሚያስታምመውም ሰው መዘንጋት የለበትም፤ ሌሊት የምትቀመጠውን ልጅ «ዛሬ እኔ ልደርልሽ፥ አንቺ ተኚ» የሚላት ጎረቤት ትልቅ ምጽዋት ሰጥቷል።

ስለ ጠበል የሚጠይቁንም አሉ። ጠበል መጠመቅና ሐኪም ቤት መሄድ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፥ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ እንደሚያስተምር አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ጠበሉን ተጠምቆ በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል የተገኘ ሰው ከእምነቱ ምንም አልጐደለበትም።

ከቤተ ሰብና ከጎረቤት ዐልፎ የሚረዱ ድርጅቶችም አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር ሕፃን ልጃቸውን ያጡ ወላጆች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ያቋቋሙት ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ማረፊያ በመስጠትና በምክር ይረዳል። ሆስፒስ ኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በጽኑ ሕመም ላይ ያሉትን በየቤታቸው እየሄደ ሥቃያቸውን ለማስታገሥ ይደክማል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በሚታከሙበት ሆስፒታል አስተርጓሚ ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ልጅን ለእናቱ የካንሰር ወሬ አስተርጓሚ ማድረግ ለሁለቱም ከባድ ሸክም ነውና።

ሕክምናው ካለቀ በኋላም ነገሩ በዚያው አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ መታየት ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ራሱም በየወሩ ጠባሳውን፥ ቆዳውን ሁሉ፥ በብሽሽቱና በብብቱ አዲስ ንፍፊት መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ከዚህ ሁሉ ጋር የማይታይ ሕመም አለ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። ቀጠሮው ሲቀርብ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጥቂት ራስ ሲያም «ተመለሰ» ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ድነሃል፥ ምን ትጨነቃለህ» ብሎ ዝም ማሰኘት አይጠቅምም። ይናገር፤ ሰምቶ ዐብሮት የሚሄድ ሰው ይፈልግለት።

ጎረቤታችን ዛሬም በሕይወት አሉ። ተረከዛቸው ተቈርጦ ከጭናቸው በተወሰደ ቆዳ ተጠግኗል፤ በብሽሽታቸው የነበረውም ንፍፊት ወጥቷል። በምርኵዝ ይሄዳሉ፤ ለስላሳ ጫማ ይጫማሉ፤ ቅዳሴውንም ተቀምጠው ያስቀድሳሉ። ባለፈው ቀጠሯቸው አዲስ ነገር አልተገኘባቸውም፤ የሚመጣውን ቀጠሮ ግን ልጆቻቸው ከእርሳቸው ይልቅ ይፈሩታል። በቅርቡ የማርያም ማኅበር በቤታቸው ሲደርስ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ማኅበርተኞቹን ሁሉ «ካልሲያችሁን አውልቁ» ብለው ውስጥ እግራቸውን እንዳዩ ሰምተናል። ሴቶቹ መጀመሪያ ሣቁ፤ ኋላ ግን አንዳቸው የሌላዋን ተረከዝ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ ይተያዩ ጀመር። አንዲቱ ያላወቀችው ነጥብ ተገኝቶባት በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ተመርምሮም ጕዳት የሌለው ሆነ።

ስለዚህ፥ አንባቢዎቻችን፥ በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ውሃ አሙቁና የአባታችሁንና የእናታችሁን እግር እጠቡ። ዐይናቸው የደከመ፥ ወገባቸው የማይታጠፍ አረጋውያን ውስጥ እግራቸውን ራሳቸው ሊያዩ አይችሉም። ስታጥቡም ከላይ ከላይ አትጠቡ፤ ተረከዙን ወደ ብርሃን አዙሩት፤ በጣቶቹም መካከል እዩ። ምርቃቱንም አትርሱ።

ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለሚያስታምሙም ብርታትን ይስጥልን።